ሩቂያ የሰማችው ፊልም

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለአንድም ሰው ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሳትሰማው ሄደች። ንስሐ አባቴ ፊት ስንቱን ጥፋት ስዘረግፍ ይህችን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባቴ» እላቸዋለሁ። ሌላ አለ። እኔ የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ዋሽቻለሁ፤ ውሸቴን ያወቀችብኝን ልጅ ደግሞ በሰው ፊት ውሸታም አድርጌያታለሁ። ይኸው ተናገርኩት። ስናገረው ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

ቁጭ ብዬ መጻፍ አልሆነልኝም። ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ እነሳለሁ፣ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ተንጎራድጄ ስመለስ የምጽፈው ደግሞ ሁልጊዜ እኔን የሚያሳምር ነው፤ እሰርዘዋለሁ። እንግዲህ የምታነቡኝ ሁሉ ለዛሬ ንስሐ አባት ሁኑልኝ። አደራ፣ እንዳታዝኑልኝ ብቻ።

አሶሳ የመጣሁት ክልሉ ገና አዲስ ሲሆን ነው። የቢሮዎቹ በር ላይ ያለው ቀለም ገና ስላልደረቀ እጅ ላይ ይቀር ነበር። በአንድ ጠረጴዛ ሁለት ኃላፊ ይቀመጣል፣ ወንበር ከጎረቤት መሥሪያ ቤት እንዋሳለን፣ ሁሉም ሰው ግን የሆነ ነገር እየጀመረ ነበርና ደስ ይል ነበር። እኔ የደብረ ብርሃን ገጠር ልጅ ነኝ። የተመደብኩት ከአዲስ አበባ ስለነበር ግን ሁሉም «የአዲስ አበባው መምህር» አሉኝ። አላረምኳቸውም። ስሙ ተመችቶኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ተመችቶኝ ነበር።

የማስተምርበት ማሠልጠኛ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ የአካባቢውን ልጆች ሰብስቦ ለአዲሶቹ መሥሪያ ቤቶች የሚያዘጋጅ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። አንድ ቀን ቴሌቪዥን፣ ቪዲዮ ማጫወቻና ጄኔሬተር መጣልን፤ አብሮም በካርቶን የታጨቀ አሮጌ ካሴት። ዳይሬክተራችን ጠራኝና «አንተ የከተማ ሰው ነህ፣ ፊልም ታውቃለህ። ከዚህ ውስጥ ዘመን ያልሻራቸውን አምስት ምረጥልኝ፤ ልጆቹ ይዩና ግምገማ ይጻፉ» አለኝ። ቀልድ አልነበረም። ክልሉ በአካባቢው ቋንቋ በበርታኛ የሬዲዮ ዝግጅት ሊጀምር አስቦ፣ ለአንድ ሰው አዲስ አበባ የአንድ ዓመት ሥልጠና ተፈቅዶለት ነበር። በአምስቱ ግምገማ ድምር አንደኛ የወጣ ሠልጣኝ ያንን ቦታ ያገኛል። ፊልሙን የምመርጠው እኔ፣ የማርመው እኔ፣ ስሙን ጽፌ የማስተላልፈው እኔ።

እኔ ፊልም አውቅ ነበር? በሕይወቴ ሲኒማ ቤት የገባሁት ሦስት ጊዜ ነው። በአንደኛው ተኝቼ ነው የወጣሁት። ያኔ «ጌታዬ፣ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው ይፈለግ» ብል ማን ይገድለኝ ነበር? ማንም። ካርቶኑን ተሸክሜ ቤቴ ወሰድኩት። የካሴቶቹን ሽፋን እያየሁ፣ ኮትና ባርኔጣ የበዛበትን «ይህ መቼም የታወቀ ፊልም መሆን አለበት» እያልኩ አራት የእንግሊዝኛ ፊልም ለየሁ። በማግስቱም ዳይሬክተሩ ፊት ስለ እያንዳንዱ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ይኼኛው በዓለም የታወቀ ነው፣ ይኼኛው ስንት ሽልማት ወስዷል፣ ይኼኛውን ያላየ ፊልም አየሁ አይልም። የሽልማቱን ነገር ከየት አመጣሁት? ከራሴ።

አምስተኛውን ከካርቶኑ አልነበረም ያመጣሁት። ዳይሬክተሩ አንዱ እንኳ ለአካባቢው ሰው የሚቀርብ ቢሆን ብሎ ስለነበር፣ ገበያው ጥግ ሱቅ ያላቸው፣ እኛ ሐጂ የምንላቸው ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። ከኩርሙክ ማዶ፣ ከሱዳን ከሚመጣው ዕቃ ጋር አንዳንዴ ካሴት ይመጣላቸው ነበር። አንድ የግብፅ ፊልም አዋሱኝ፤ ጥቁርና ነጭ፣ አሮጌ። ሥር ላይ የሚጻፍ ትርጉም የለው፣ ምን የለው፣ ሁሉም በዓረብኛ ነው። እኔ ዓረብኛ አንድ ቃል አላውቅም። ልድገመው። አንድ ቃል አላውቅም። ዳይሬክተሩን ግን «ይህንንስ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ታሪኩን እንደ መዳፌ ነው የማውቀው» አልኩት። አይተኸዋል ወይ ብሎ የጠየቀኝ እንኳ አልነበረም።

በዚያ ዘመን ፊልም የምናሳየው እንዲህ ነው። መስኮቱን በብርድ ልብስ እንሸፍናለን፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ እናደርጋለን፣ አስተርጓሚው ማመልከቻ ቀርከሃ ይዞ ከጎን ይቆምና እያንዳንዱን ሰው በአማርኛ ያናግረዋል። በየቪዲዮ ቤቱ የተለመደ ሥራ ነበር። እኔ ደግሞ አፌ ይጣፍጥ ነበር። ሴት ስትናገር ድምፄን አቀጥናለሁ፣ ዳኛ ሲናገር አወፍራለሁ፣ በእንግሊዝኛው ያልገባኝ ቦታ ሲመጣ ከኪሴ እሞላለሁ። ልጆቹ ይወዱኛል። ዘበኛው ሳይቀር በር ላይ ቆሞ ይሰማኝ ነበር። በአራቱ ፊልም እንዲህ አልፌ ልቤ አብጦ ነበር።

ሩቂያን አሁን ላስተዋውቃችሁ። ከኩርሙክ መስመር የመጣች የበርታ ልጅ ናት፤ ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ነጭ ሻሽ ታስራለች፣ ከመስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ጠይቃ አታውቅም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ስትጽፍ አንዳንዴ ሴቱን በወንድ ትጠራዋለች። ግን እንዴት አድርጋ ታይ ነበር መሰላችሁ። ሌሎቹ እኔ የተናገርኩትን ሲገለብጡ እሷ ግን «ሰውየው በሩን ሦስት ጊዜ ከፈተ፤ በሦስተኛው ብቻ እጁ ተንቀጠቀጠ» ብላ የምትጽፍ ናት። ከአራቱ ግምገማ በሦስቱ አንደኛ ወጥታለች። ከኋላዋ የሚከተለው ጌታሁን የሚባል፣ ባምባሲ አጠገብ የሰፈሩ የወሎ ገበሬዎች ልጅ ነበር፤ ትጉህ፣ ጨዋ፣ ከአፌ የወጣውን ቃል በቃል የሚጽፍ። አምስተኛው እንደምንም ካለፈ ሩቂያ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ክፍሉም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ጓደኞቿ ከወዲሁ «ጋዜጠኛዋ» እያሉ ያሾፉባት ጀምረው ነበር።

የግብፁን ፊልም ከማሳየቴ በፊት ብቻዬን አንድ ጊዜ አየሁት፤ ከሥዕሉ ታሪክ ለማውጣት። አንድ ሽማግሌ በትልቅ ወንዝ ላይ በጀልባ ሰው ያሻግራል። አንዲት ልጅ አለችው። የመንደሩ ባለጸጋ መጥቶ እጇ ላይ ያለውን የብር አምባር እያመለከተ ይጮኻል። ሽማግሌው ልጁን ጓዟን አስይዞ ከቤት ያስወጣታል። ከተማ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ፍርድ ቤት ትቆማለች፣ ታለቅሳለች፣ አባቷ ያቅፋታል። በዓይን የሚታየው ይህ ነው። ከዚህ ምን ትሠሩ ነበር? እኔማ ስብከት ሠራሁበት። ልጅቱ አምባሩን ሰረቀች፣ አባቷ በውርደት አባረራት፣ በከተማ ተንከራተተች፣ መጥታ ጥፋቷን አመነች፣ ተማረች። ዋና መልእክቱም ንስሐ ነው አልኩ። በጣም አምሮብኝ ነበር።

እዚያ ክፍል ውስጥ እኮ ከኩርሙክና ከመንጌ የመጡ ከአሥር በላይ ልጆች ነበሩ። በገበያው፣ በቁርኣን ቤቱ፣ በማዶ ሬዲዮ ዓረብኛ እየሰሙ ያደጉ። ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ከሐጂ ጋር በዓረብኛ ሲቀላለዱ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ ምነው አንዱን ጠርቼ «ና፣ አንተ ተርጉምልን» አላልኩም? ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ሳመላልሰው መልሱ አንድ ነው። አማርኛቸው ስለሚሰባበር የሚያውቁት ነገር ያለ አልመሰለኝም። እኔ አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ሰውን ሁሉ የምለካው በአማርኛው ነበር። እነሱ ሊያስተምሩኝ ይችላሉ የሚለው ሐሳብ በአጠገቤ አላለፈም።

ፊልሙን ያሳየሁት ከምሳ በኋላ ነው። ቀርከሃዬን ይዤ ቆምኩ። ሽማግሌው ልጁን የሚያስወጣበት ቦታ ሲደርስ ድምፄን አንቀጥቅጬ «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለሽም፣ ዓይንሽን አያሳየኝ» አልኩ። ከኋላ ያሉት ልጆች ሳቁ። አንድ ሁለቱ አይደሉም፣ ሰባት ስምንት ይሆናሉ፤ ሊይዙት ሲሞክሩ እየፈነዳባቸው። ተናደድኩ። ፊልሙን አስቁሜ አሳፈርኳቸው። ሰው በሚያለቅስበት ቦታ የሚስቅ ፊልም ማየት ያልለመደ ነው አልኳቸው። ሩቂያ አልሳቀችም፤ አንዴ ቴሌቪዥኑን አንዴ እኔን ታይ ነበር። እኔም ቀጠልኩ።

ግምገማዎቹን ሰብስቤ ቤቴ ማረም ጀመርኩ። የጌታሁን እንደተለመደው የራሴው ንግግር ነው፤ ሳነበው ራሴን አደንቃለሁ። ከዚያ የሩቂያ መጣ። እስከ ዛሬ በቃሌ የምይዘው ይህን ያህል ነው። «መምህር ጥሩ ድምፅ አለው። ነገር ግን ሰዎቹ የሚናገሩት ሌላ ነው። ልጅቷ አልሰረቀም። አምባሩ የእናቷ ነው። ሀብታሙ የአባትዋን ጀልባ ስለፈለገ ሌባ አለው። አባትዋ አላባረራትም፤ አምባሩን የሠራው አንጥረኛ ከተማ ስላለ ሄደሽ አምጪው አላት። እኛ የሳቅነው ሽማግሌው ‹እንዲህ ቀስ ብለሽ ከሄድሽ አንጥረኛው አርጅቶ ይሞታል› ስላላት ነው። ፍርድ ቤት ይቅርታ አልጠየቀችም። የእኔ ነው ብቻ አለች። ስለዚህ ፊልሙ ስለ ንስሐ አይደለም፣ ስለ ምስክር ነው።»

መጀመሪያ ለራሴ «ይህች ልጅ ፈጥራ ነው» አልኩ። ይህን ብቻ ብዬ ዜሮ ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ ስህተት ነበር፤ ስህተት ይታረማል። እኔ ግን ተነስቼ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ካሴቱን ልመልስ የመጣሁ መስዬ፣ ነገሩን አድበስብሼ፣ የፊልሙን ታሪክ እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። ሐጂ ጨርቅ እየለኩ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና በሚሰባበር አማርኛቸው «መምህር፣ አንተ ለልጆቹ አሳየ አይደል? አላወቀውም?» አሉኝ። ሳቅ ብዬ የእርስዎን አስተያየት ፈልጌ ነው አልኩ። ነገሩኝ። አምባሩ የእናቷ ነው፣ ሀብታሙ ጀልባውን ፈልጎ ነው፣ ልጅቱ አንጥረኛውን ልታመጣ ነው የሄደችው። የሽማግሌውን ቀልድ ሳይቀር እየሳቁ ነገሩኝ።

ልብ በሉልኝ፤ የሚሰማኝ ሰው ሊስት የሚችለው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ራሴን እያታለልኩ የኖርኩት እዚህ ላይ ነው። ዜሮውን የጻፍኩት ከሐጂ ሱቅ ከተመለስኩ በኋላ ነው። አውቄ ነው። ዳይሬክተሩ አምስቱንም ወረቀት አያለሁ ብሎ ነበር፤ የሩቂያን ካየ «ሁለት ጊዜ አየሁት» ያልኩት ሊጋለጥ ነው። አንድ ሲጋለጥ አራቱም ሊከተሉ ነው። የአዲስ አበባው መምህር ከሰው አፍ ሊገባ ነው። በአንድ በኩል የልጅቱ የአንድ ዓመት ትምህርት፣ በሌላ በኩል የእኔ መሳቂያ መሆን። ብዙ አላመነታሁም። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁና ዜሮ ጻፍኩ፤ ከሥሩም «ፊልሙን ያልተረዳ ሰው የፈጠረው ወሬ» አልኩ። ያንን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ስለ ማን እየጻፍኩ እንደሆነ አላወቅሁም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አውቄ ነበር።

ይህ ሳይበቃኝ በማግስቱ ክፍል ውስጥ አስነሳኋት። ለምን? ዝም ብዬ ወረቀቱን ብመልስላት ለጓደኞቿ ታሳያለች፣ ነገሩ ይዞራል ብዬ ፈራሁ። በሁሉም ፊት ቢዘጋ ይሻላል አልኩ። የጻፈችውን እንድታነብ አዘዝኳት። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ «ልጅቷ አልሰረቀም» የሚለው ላይ ስትደርስ ከፊት የተቀመጡት ሳቁባት፤ አላስቆምኳቸውም። አንብባ ስትጨርስ ወደ ክፍሉ ዞሬ፣ እሷ የምትለውን የሰማ እጁን ያውጣ አልኩ።

ማንም አላወጣም። ያ ሁሉ የሳቀ ልጅ፣ የሽማግሌውን ቀልድ የሰማ ልጅ፣ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ። አልፈርድባቸውም። ነጥባቸውን የምጽፈው፣ ለሥራ ምደባ ስማቸውን የማስተላልፈው እኔ ነኝ፤ ደግሞም መምህርን በሰው ፊት ማሳፈር እነሱ ያደጉበት አይደለም። ሩቂያ አንዴ ዞር ብላ አየቻቸው። እንድትለምናቸው ነበር የጠበቅሁት። አልለመነቻቸውም። ወደ እኔ ተመለሰችና እንዲህ አለች።

«ይሁን መምህር። እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁ።»

ጓደኞቿን ከእኔ ለማዳን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። «እንግዲህ አንቺ ብቻ የሰማሽው ነገር ውሸት ነው የሚባለው» አልኳት። ተቀመጪም አልኳት። ወረቀቱን ከእሷ ተቀብዬ ከሌሎቹ ጋር ለዳይሬክተሩ የምሰጥ መስዬ ወጣሁ፤ ከዚያ ቀዳድጄ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኩት። ዳይሬክተሩን ልጅቱ አምስተኛውን አላስረከበችም አልኩት። እሱም ሥራ የበዛበት ሰው ነው፣ አላመረመረም። ጌታሁን አዲስ አበባ ሄደ። በርታኛ አንድ ቃል የማያውቅ ልጅ በበርታኛ ለሚጀመር ዝግጅት ሠለጠነ፤ ጎበዝ ስለሆነ ጎበዝ ሆኖ ተመለሰ፣ በአማርኛ ሠራ። የበርታኛው ነገር «ሰው የለም» እየተባለ ሲንከባለል ቆየ። ሰው የለም ሲባል በጆሮዬ እሰማ ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሻዬን እጠጣ ነበር። ሩቂያን ወደ አገሯ መስመር አንደኛ ክፍል እንድታስተምር መደቧት። ዕቃዋን ጭና ስትሄድ ከማሠልጠኛው በር ላይ አየኋት፤ እጅ ነሳችኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ በኋላ የደረደርኩትን ምክንያት ብቆጥርላችሁ ወረቀት አይበቃም። ወጣት ነበርኩ አልኩ፤ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሬዲዮ የሴት ሥራ አይደለም፣ ቤተሰቧም አይፈቅድላትም ነበር አልኩ፤ አባቷ ግን ሥልጠናውን ሰምተው ለጉዞ የሚሆን አዲስ ሻንጣ ልከውላት እንደነበር ከጓደኞቿ ሰምቻለሁ። ደህና መምህርት ሆናለች፣ ምን ጎደለባት አልኩ። ምን እንደጎደለባት እኔ ነኝ እንዴ የምወስነው? አንድ ጊዜ ወሰንኩላት፣ በቃ።

አሁን ያስነሳኝ ያለፈው ግንቦት ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምር አንድ ወጣት ቤቴ ድረስ መጣ። ተማሪዎቹ የቆዩ ታላላቅ ፊልሞችን እያዩ ግምገማ የሚጽፉበት ክበብ ሊያቋቁም ነው፤ «በዚህ ከተማ ይህን ሥራ መጀመሪያ የጀመሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ፤ ፊልም ይምረጡልንና በመክፈቻው ላይ ይናገሩልን» አለኝ። ምን ያልኩት ይመስላችኋል? እምቢ አልኩ? አዬ። ደስ አለኝ። ኮቴን አስተኮስኩ። አዳራሹ ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ ስለ ጄኔሬተሩና ስለ ቀርከሃው እያሳቅሁ ተረክሁ፤ ስለ ግብፁ ፊልም ግን አንድም ቃል አልወጣኝም። አጨበጨቡልኝ።

ስወጣ አንዲት ሴት ከልጇ ጋር በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ሻሹ አሁንም ነጭ ነው፤ ፊቷ ሞላ ብሏል፣ መነጽር አድርጋለች። ገና ሳያት አወቅኋት። ከኩርሙክ መስመር ወደ አሶሳ ተዛውራ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆናለች፤ ልጇ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፣ የክበቡም አባል ናት። ሩቂያ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችኝ። «ይህ ነው መምህሬ» አለቻት ልጇን። ልጅቱም ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ሩቂያ ጉልበቴ እንደሚያመኝ አይታ ክንዴን ደግፋ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ፣ ባጃጅ አስቆመችልኝ፣ አሳፈረችኝ። አማርኛዋ ዛሬ ከእኔ ይሻላል።

ባጃጁ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ጎንበስ ብላ ጠየቀችኝ። «መምህር፣ ያቺ የአምስተኛው ፊልም ግምገማዬ፣ ምናልባት እርስዎ ዘንድ ትኖር ይሆን? ለልጄ ባሳያት ብዬ ነው።»

አስቡት። በር ከፈተችልኝ። ከዚህ የበለጠ የተከፈተ በር በሕይወቴ አይመጣልኝም። እኔ ምን አልኩ? ዓይኔን በጨው አጥቤ «ውይ ልጄ፣ ያኔ ሁሉንም ወረቀት ቢሮው ነው የሰበሰበው፤ ሰነዱ ሁሉ ጠፍቷል» አልኳት።

ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢኖርባት ይቀለኝ ነበር።

«ጽሑፌስ ረቂቁ እኔ ዘንድ አለ» አለች። «እኔ የፈለግሁት የእርስዎ ጽሑፍ ያለበትን ነበር።»

ከዚያ መንገዱን ለሾፌሩ አመልክታ፣ ቀስ ብለህ ንዳ፣ አባታችን ጉልበታቸውን ያማቸዋል አለችው። ባጃጁ ሄደብኝ፣ ጊዜ አላገኘሁም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ጽፌም ሰርዤዋለሁ። ባጃጁ አልሄደም። ሾፌሩ ሌላ ተሳፋሪ እየጠበቀ ስንት ደቂቃ ቆመናል። እሷም ከልጇ ጋር እዚያው ቆማ ነበር። እኔ ወደ ፊት ወደ ሾፌሩ ጀርባ እያየሁ ተቀምጬ ነበር።

ስለዚህ ወንጀሌ የድሮ ብቻ አይደለም። የድሮውን በፍርሃት ሠራሁት እንበል፤ የግንቦቱንስ? ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ የምነጠቀው ሹመት የለ፣ የሚስቅብኝ ዳይሬክተር የለ። ለማን ብዬ ነው የዋሸሁት? ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሳልገባ እመለሳለሁ። ሬዲዮ ስከፍት በበርታኛ ሰው ሲናገር ከሰማሁ፣ አሁን አሁን ይሰማል፣ እዘጋዋለሁ።

ሩቂያ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ለአንቺ ነው። ይቅርታ አልጠይቅሽም። አውቅሻለሁ፤ ከጠየቅሁሽ «ኧረ ምን ችግር አለ መምህር» ትይኛለሽ፣ እኔም ያቺን ቃል ይዤ ደህና እተኛለሁ። በሰው ፊት ያዋረደሽ ሰው ደግሞ ይቅር እንድትይው አስጨንቆሽ እንዲሄድ አልፈልግም። የምነግርሽ ይህን ብቻ ነው። ወረቀትሽን ቢሮ አልወሰደውም፣ እኔ ነኝ ቀድጄ የጣልኩት። ዓረብኛ አልችልም ነበር። ፊልሙንም አዲስ አበባ አላየሁትም። አንቺ የጻፍሽው ሁሉ እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑንም ዜሮውን ከመጻፌ በፊት አውቄዋለሁ። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ውሸታም የነበረው እኔ ነኝ። ከክፍል ጓደኞችሽ ያገኘሽውን ሁሉ አስነብቢው፤ አልከለክልሽም፣ ማፈሬ ግን አይቀርም።

ለልጅሽ ልታሳያት የፈለግሽው የእኔ ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት ነበር። ይኸው። ለማንም አላስተየብኩትም፤ ሁሉንም በእጄ ነው የጻፍኩት፣ ስሜንም ከታች ፈርሜበታለሁ። ስጫት።